የጽጌረዳና የጥብስ ቅጠል ቁራጭን ያለ አፈር ሥር ማስያዝ

ብዙ ሰው የጽጌረዳ ቅርንጫፍ ቆርጦ ጓሮው አፈር ላይ ይሰካና ጠዋት ማታ ያጠጣዋል። በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ሳምንት ቁራጩ ከታች ጠቁሮ ይገኛል፤ "ውሃ አንሶት ነው" ይባልና ሌላ ተቆርጦ የበለጠ ውሃ ይጠጣል። አብዛኛውን ጊዜ የገደለው ግን ጥማት ሳይሆን መታፈን ነው። ሥር የሌለው ግንድ አዲስ ሥር እስኪያበጅ ድረስ የተቆረጠው ጫፉ መተንፈስ አለበት፤ ለዚያም ኦክስጅን ያስፈልገዋል። ዋልካም ሆነ ቀይ ሸክላ አፈር ውሃ ሲጠግብ በውስጡ ያሉት ክፍተቶች ይዘጋሉ። በዚያ ላይ የጓሮ አፈር ቁስል ፈልገው የሚገቡ ፈንገሶች አያጡትም። አፈር በሌለበት ድብልቅ ሥር የምናስይዘው ለእነዚህ ሁለት ምክንያቶች ነው፤ ከታች ያለው እያንዳንዱ እርምጃም የሚመለሰው ወደዚሁ ነው።

ዋና ምሳሌያችን ጽጌረዳ ነው። የጥብስ ቅጠል (ሥጋ መጥበሻ) ጠባዩ ስለሚለይ ልዩነቱን ለብቻው እናያለን።

ድብልቁ ከምን ይሠራል?

ድብልቁ ውሃ መያዝም አየር ማስገባትም አለበት። ሁለቱንም አመጣጥኖ የሚሰጥ አንድ ነገር ማግኘት ስለሚያስቸግር ሁለት ነገር እንቀላቅላለን።

ውሃ ያዡ ኮኮፒት ነው፤ ከኮኮናት ልጣጭ የሚገኝ ቡናማ ብናኝ ሲሆን በብዛት የሚመጣው ከሕንድና ከስሪላንካ ነው። ተጨምቆ እንደ ጡብ ይሸጣል። 650 ግራም የሚመዝነው ጡብ በ4 ሊትር ለብ ያለ ውሃ ሲዘፈዘፍ 8 ሊትር ገደማ ይሆናል። ኮኮፒት ጨው ሊኖርበት ስለሚችል እንዳለ አይጠቀሙበት። ከተነፋ በኋላ በነጠላ ወይም በቀጭን ጨርቅ ቋጥረው ሦስት ጊዜ በንጹሕ ውሃ ያጥቡት፣ በየመሐሉም ይጭመቁት። መጀመሪያ የሚወጣው ውሃ የጠቆረ ሻይ ይመስላል፤ በሦስተኛው ላይ ፈዘዝ ይላል።

አየር ሰጪው ፐርላይት ወይም ሬድ አሽ ሊሆን ይችላል። ፐርላይት በከፍተኛ ሙቀት እንደ ፈንዲሻ የፈነዳ የእሳተ ገሞራ መስታወት ነው፤ ነጭ፣ ቀላልና ንጹሕ። ብናኙ ሳንባ ስለሚጎዳ ከረጢቱ ውስጥ እንዳለ ውሃ ይርጩበትና ነው የሚገለበጠው። ፐርላይት ካልተገኘ ወይም ከተወደደ ሬድ አሽ በደንብ ይተካዋል። በቢሾፍቱ ዙሪያ ካሉት ኮረብታዎች እየተቆፈረ ለመንገድና ለግንባታ የሚጫነው ያ ቀይ ባለ ቀዳዳ ጠጠር ማለት ነው። በየግንባታው ቦታ ተከምሮ የሚታይ ነገር ነውና አንድ ባልዲ ለማግኘት አይቸግርም። የስምጥ ሸለቆው ፓሚስም (ቀላል፣ ባለ ቀዳዳ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ) እንደዚያው ያገለግላል።

ሬድ አሽ ግን ሥራ ይፈልጋል። መጀመሪያ የግንበኛ አሸዋ በሚነፋበት የሽቦ ወንፊት ይንፉትና ከ5 ሚሊ ሜትር የሚበልጠውን ይጣሉ። የወረደውን በቤት ወንፊት መልሰው ይንፉ፤ አሁን ደግሞ የሚጣለው የወረደው ዱቄት ነው። የሚፈለገው ከ2 እስከ 5 ሚሊ ሜትር ያለው ነው፤ ትልቁ ከሽምብራ አይበልጥም፣ ትንሹ ከማሽላ ፍሬ ብዙም አያንስም። ይህን ውሃው እስኪጠራ ድረስ ያጥቡ፣ ከዚያ የፈላ ውሃ ያፍሱበትና ከድነው እስኪቀዘቅዝ ይተዉት። ዱቄቱን ሳያስወጡ የተጠቀሙ እንደሆነ የኮኮፒቱን ክፍተቶች ሞልቶ ድብልቁን መልሶ ጭቃ ያደርገዋል።

ለጽጌረዳ አንድ ጣሳ ኮኮፒት ከአንድ ጣሳ ሬድ አሽ ወይም ፐርላይት፤ ለጥብስ ቅጠል አንድ ጣሳ ኮኮፒት ከሁለት ጣሳ ጋር። መለኪያው ክብደት ሳይሆን ይዘት ነው።

ኮኮፒት በማይገኝበት በፎገራና በአካባቢው ሩዝ አምራች ቦታዎች ሌላ ጥሩ አማራጭ አለ፤ የሩዝ ገለፈት። አየር እያጠረው እስኪጠቁር ብቻ ይቃጠላል፤ ነጭ አመድ ከሆነ አልፎበታል። ጥቁሩን ገለፈት አሲድነቱ ዝቅ ያለ፣ ወደ አልካሊ የሚያደላ ስለሆነ ደጋግሞ አጥቦ መጠቀም ነው። ያልተቃጠለ ገለባ፣ የቡና ገለፈትና ሰጋቱራ ግን ለዚህ ሥራ አይሆኑም። እርጥበት ሲያገኙ መበስበስ ይጀምራሉ፣ ይሞቃሉ፣ ሻጋታም ያፈራሉ፤ ቁስል ያለው ግንድ እንዲህ ያለ ቦታ አይቀመጥም።

ድብልቁ በቂ አየር እንዳለው በዓይን መፍረድ ከባድ ነው፤ መለካት ግን ቀላል ነው። የባለ 2 ሊትር ሃይላንድ አናት ይቁረጡና 1 ሊትር ውሃ ለክተው ጨምረው የደረሰበት ላይ ምልክት ያድርጉ። ውሃውን ደፍተው ምልክቱ ድረስ እርጥብ ድብልቅ ይሙሉ፣ መሬት ላይ ሁለቴ መታ መታ ያድርጉት። ውሃ ቀስ እያሉ ይጨምሩ፤ ላዩ ሲያብረቀርቅ ያቁሙ። ግማሽ ሰዓት ቆይተው የጎደለውን ይሙሉ። አሁን ሳህን ላይ ይዘው ከታች በጋለ ሚስማር አራት አምስት ቦታ ይብሱት። መንጠባጠቡ ሲያቆም ሳህኑ ላይ የተጠራቀመውን ይለኩ። የወጣው ውሃ ቦታ አሁን በአየር ተይዟል። ከ200 እስከ 300 ሚሊ ሊትር ከወጣ ድብልቁ ጥሩ ነው። ከ150 በታች ከሆነ ሬድ አሽ ይጨምሩ፤ ከ350 በላይ ከሆነ ቶሎ ቶሎ ይደርቅብዎታልና ኮኮፒት ያክሉ።

ዕቃው ለምን ጥልቅ ይሁን?

ከ12 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ዕቃ ይምረጡ፤ አናቱ የተቆረጠ ሃይላንድ ይበቃል። ለምን እንደሆነ በዕቃ ማጠቢያ ስፖንጅ ይታያል። ስፖንጁን ውሃ ያጥግቡና በእጅዎ መዳፍ ላይ አጋድመው ይያዙት፤ ይንጠባጠብና ያቆማል። ሳይጨምቁ አቅጣጫውን ቀይረው በቁመቱ ያቁሙት። እንደገና ይንጠባጠባል። ስፖንጁም ውሃውም ያው ነው፤ የተለወጠው ቁመቱ ብቻ ነው። ድብልቅም እንደዚሁ ነው፤ ከዕቃው ወለል ላይ ሁልጊዜ የማይወርድ ውሃ ይቀራል፣ ዕቃው አጭር በሆነ ቁጥር ያ እርጥብ ክፍል ወደ ቁራጩ ጫፍ ይጠጋል።

ከዕቃው ሥር ጠጠር መደርደር የተለመደ ነው፤ "ውሃውን ያወርዳል" ተብሎ። የሚያደርገው ተቃራኒውን ነው። ውሃ ከደቃቅ ድብልቅ ወደ ትልልቅ ክፍተት በቀላሉ አይወርድም፤ ከጠጠሩ በላይ ይቆማል። ስለዚህ ጠጠሩን ይተዉትና እስከ ወለሉ ድረስ አንድ ዓይነት ድብልቅ ይሙሉ፤ ከታች ደግሞ ስምንት አሥር ቀዳዳ ይኑር።

ሃይላንዱ ብርሃን ስለሚያስገባ ዙሪያውን በካኪ ወረቀት ይጠቅልሉ። ሥር ከብርሃን ይሸሻል፣ ብርሃን ባለበት ደግሞ አረንጓዴ አልጌ ይበቅላል። ወረቀቱ መውለቅ የሚችል ከሆነ ግን ሳይነቅሉ ሥሩን ማየት ይችላሉ።

መቼ ይቆረጥ?

ለአዲስ አበባና ለመሰል ደጋ ከተሞች የተሻለው ጊዜ ከመጋቢት እስከ ሚያዝያ ነው። ሥር ለማውጣት ድብልቁ ከ20 እስከ 24 ዲግሪ ሴልሺየስ ቢሆን ይመረጣል። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ በጣም ስለሚቀዘቅዝ ቁራጩ ባይሞትም ሳምንታት ቆሞ ይከርማል። ሚያዝያ መጀመሪያ ላይ የተሰካ ጽጌረዳ ሰኔ ላይ ለመሬት ስለሚደርስ ክረምቱ ይቀበለዋል። በብርድ ወራት መሥራት ግድ ከሆነ ዕቃውን ቤት ውስጥ ብርሃን ያለበት ሞቃት ቦታ ያስቀምጡ፤ ሲሚንቶ ወለል ላይ አይሁን። እንደ ድሬዳዋ ባለ ቆላ ችግሩ ይገለበጣል፤ እዚያ ጥላና ቀዝቃዛው ወቅት ነው የሚፈለገው።

የጽጌረዳ ቁራጭ

ከአንድ ቀን በፊት እናት ተክሉን በደንብ ያጠጡ፣ ጠዋት ማለዳ ይቁረጡ። የሚመረጠው አበባው በቅርቡ የረገፈበት፣ የእርሳስ ውፍረት ያለው ዘንድሮ የወጣ ቅርንጫፍ ነው። መብሰሉን በእሾሁ ይለዩ፤ እሾሁ በአውራ ጣት ወደ ጎን ሲገፋ ቀጭ ብሎ ንጹሕ እርጥብ ጠባሳ ትቶ ከተነሣ ደርሷል። ተጣጥፎ ልጣጩን ይዞ ከተላጠ ገና ለጋ ነው፤ ለጋው ይበሰብሳል።

መቀሱን ወይም ምላጩን በአንድ እጅ በረኪና ለዘጠኝ እጅ ውሃ በተበጠበጠ ውስጥ ይንከሩ፤ በየእናት ተክሉ መካከልም ይድገሙት። ቁራጩ 15 ሴንቲ ሜትር ያህል፣ ከሦስት እስከ አራት አንጓ ያለው ይሁን። ከታች በኩል ከአንጓው ሥር ተጠግተው ሰያፍ ይቁረጡ፣ ከላይ ደግሞ ከዓይኑ (ቡቃያ ከሚወጣበት ነጥብ) ግማሽ ሴንቲ ሜትር ከፍ ብለው ቀጥ አድርገው። ሰያፉ ታች መሆኑ ሌላም ጥቅም አለው፤ ተገልብጦ የተሰካ ቁራጭ ሥር ማውጣት ስለሚከብደው የቱ ጫፍ ታች እንደነበር ያስታውሰናል።

የላይኛውን አንድ ወይም ሁለት ቅጠል አስቀርተው ሌላውን ያንሡ፤ የቀረው ትልቅ ከሆነ ግማሹን ይቁረጡለት። ቅጠሉን ጨርሶ ማንሣት ስሕተት ነው፤ ሥር የሚሠራበት ምግብና ሆርሞን ከዚያ ይወርዳል። ከዚያ ከታችኛው ጫፍ በአንድ ጎን 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ልጣጩን በምላጭ ቀስ አድርገው ይላጡ፤ ከሥሩ ያለው አረንጓዴ ሲታይ ይቁሙ፣ እንጨቱ ድረስ አይግቡ። ሥር በብዛት የሚወጣው በዚያ ቁስል ጠርዝ ላይ ነው።

ወዲያው የማይሰኩት ከሆነ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልለው ጥላ ውስጥ ያቆዩ፤ በፀሐይ አሥር ደቂቃ የቆየ ቁራጭ አምሮ ቢታይም ተጎድቷል።

ሆርሞን ካለ

አይ.ቢ.ኤ የተባለው የሥር ሆርሞን በዱቄት ይሸጣል። ለለጋ ግንድ 0.1 በመቶ፣ ከፊል ለጠነከረ እንደ ጽጌረዳችን ላለው 0.3 በመቶ፣ ሙሉ በሙሉ ለጠነከረ እንጨት 0.8 በመቶ ይወሰዳል። የሚበቃዎትን ያህል ብቻ ስኒ ላይ ይገልብጡ፤ እርጥብ ግንድ ዋናው ዕቃ ውስጥ ከገባ ሙሉውን ያበላሸዋል። የቁራጩን ጫፍ 1 ሴንቲ ሜትር ተኩል ነክረው ስኒው ጠርዝ ላይ መታ በማድረግ ትርፉን ያራግፉ። ሲበዛ ጫፉን ያቃጥላል እንጂ ሥር አያበዛም።

ከሌለ ያለ ሆርሞንም ይሆናል፤ የሚይዘው ቁጥር ስለሚቀንስ ጥቂት ተጨማሪ ይቁረጡ። ማር መቀባት በየቦታው ይመከራል። ማር ሆርሞን የለውም፤ እርጥብ ድብልቅ ውስጥ ሲቀጥን ደግሞ ለሻጋታ ስኳር ይሆናል። ባይቀቡት ይሻላል።

መሰካትና መሸፈን

ድብልቁን አስቀድመው ያርጥቡ። አንድ ጭብጥ ወስደው ሲጨብጡት በጣቶችዎ መካከል ሁለት ሦስት ጠብታ ብቻ መውጣት አለበት፤ ከፈሰሰ በዝቷል። በእርሳስ ቀዳዳ ይክፈቱና ሁለት አንጓ እስኪሸፈን፣ ከ5 እስከ 6 ሴንቲ ሜትር ያስገቡ። በራሱ በቁራጩ ከወጉ ሆርሞኑ ይጠረጋል፣ ልጣጩም ይላላጣል። ዙሪያውን በሁለት ጣት ለስለስ አድርገው ያስጠጉ፣ አይጠቅጥቁ፤ ትንሽ ውሃ ያጠጡና ያንጠፍጥፉ። በቁራጮች መካከል 5 ሴንቲ ሜትር ይተዉ፣ ቅጠሎቹ አይነካኩ።

ሥር የሌለው ቅጠል ያጣውን ውሃ መተካት ስለማይችል አየሩ እርጥብ ይሁንለት። ሁለት ስንጥር አቁመው ብርሃን አሳላፊ ፌስታል ይድፉበት፤ ፌስታሉ ቅጠሉን አይንካ። ቦታው ብሩህ ጥላ ነው፣ ለምሳሌ የጠዋት ብርሃን የሚያይ በረንዳ። ቀጥተኛ ፀሐይ ከመታው ፌስታሉ ውስጥ ያለው አየር በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ቅጠሉን ይቀቅለዋል። በየሁለት ቀኑ ለአምስት ደቂቃ ገልጠው ያናፍሱ፣ የረገፈ ቅጠል ካለ ያውጡ።

ውሃ በቀጠሮ አይጠጣም። ዕቃውን በጠጣ ዕለት አንሥተው ክብደቱን በእጅዎ ይያዙት፤ በኋላ ቀለል ሲልና የኮኮፒቱ ላይ ነጣ ሲል ያጠጡ። ከተሸፈነ በአሥር ቀን አንዴ እንኳ ላያስፈልገው ይችላል። የቧንቧ ውሃ ይሆናል፤ በስምጥ ሸለቆ ከተሞች የጉድጓድ ውሃ ጨው ስለሚበዛበት የዝናብ ውሃ ማጠራቀም ይመረጣል። ማዳበሪያ በዚህ ጊዜ ምንም አይጨመርም፤ ለእርሻ የሚሸጥ ዩሪያ ቁንጥር ብትሆንም በዚህች ዕቃ ውስጥ ታቃጥላለች።

ምን ይጠበቃል?

በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት የተቆረጠው ጫፍ ላይ ነጣ ያለ እብጠት ይወጣል፤ ቁስሉ እየዳነ ነው። ከዚያ ቁስሉ ጠርዝ ላይ ከጤፍ ፍሬ የማይበልጡ ነጫጭ ጉብታዎች ይታያሉ፤ ሥር ማለት እነዚህ ናቸው። ጽጌረዳ በሙቀት ከ4 እስከ 6 ሳምንት፣ በብርድ ደግሞ ከዚያ በላይ ይወስዳል።

ብዙዎችን የሚያሳስተው ቡቃያው ነው። ጽጌረዳ ከተሰካ በአሥረኛው ቀን ቀይ ለጋ ቅጠል ሊያወጣ ይችላል፤ ደስ ይላል፣ "ያዘ" ይባላል፣ ይነቀልና መሬት ይገባል፣ በሦስተኛው ቀን ይጠወልጋል። ያ ቅጠል የወጣው ግንዱ ውስጥ በተቀመጠ ምግብ ነው፤ ከታች አንድም ሥር ላይኖር ይችላል። የሚታመነው ምልክት ካኪ ወረቀቱ ሲወልቅ በሃይላንዱ ግድግዳ ላይ የሚታየው ነጭ ሥር ነው። በማያሳይ ዕቃ ከሆነ ከአራት ሳምንት በፊት አይንኩት፤ ከዚያ በኋላ በሁለት ጣት ይዘው በቀስታ ሲስቡት ከያዘ ሥር አለው።

የጥብስ ቅጠል ሲሆን

ይህ ተክል የደረቅ አገር ተክል ነው፤ በጽጌረዳ ደንብ ከያዙት ይበሰብሳል። ያላበበ ጫፍ ከ8 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ይቁረጡ፤ ግንዱ ከአረንጓዴ ወደ ቡናማ መለወጥ የጀመረበት ቦታ ላይ ቢሆን ጥሩ ነው። የታችኛውን ግማሽ ከነቅጠሉ አይሰኩ፤ ቅጠሉን ወደ ታች እየሳቡ ያራግፉ። ድብልቁ አንድ ለሁለት፣ ጥልቀቱ 3 ሴንቲ ሜትር። ፌስታል አይድፉበት፤ አየሩ በጣም ደረቅ ከሆነ ብቻ አናቱና ታቹ የተከፈተ ሃይላንድ ያጥልቁለት። ድብልቁ ላይ ላዩን ሲደርቅ ብቻ ይጠጣል። ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይበቃዋል። ጀራኒየምም ዘሩ ሌላ ቢሆንም በአያያዙ ከዚሁ ጋር ይመደባል፤ ቁራጩን ለጥቂት ሰዓት ጥላ ላይ አድርቀው ያለ ሆርሞንና ያለ ሽፋን ይሰኩት፣ በ2 ወይም በ3 ሳምንት ይይዛል።

ሲበላሽ

ግንዱ ከታች ጠቁሮ ጥቁረቱ ወደ ላይ ከወጣ ድብልቁ ውሃ በዝቶበታል ወይም ምላጩ ቆሻሻ ነበር። ቁራጩን ይጣሉ፣ አጠገቡ ያሉትን ያናፍሱ፣ ያንን ኮኮፒት ለሌላ ቁራጭ አይጠቀሙበት፤ ሬድ አሹ ግን ታጥቦና ፈልቶ ይመለሳል።

እብጠቱ አድጎ እንደ ፈንዲሻ ከሆነና ሥር ከሌለ ብዙውን ጊዜ ብርድ ነው። ወደ ሞቃት ቦታ ያዛውሩት፣ ይታገሡት።

ጽጌረዳው ቅጠሉን ቢያራግፍ ግንዱ አረንጓዴ እስከሆነ ድረስ ተስፋ አይቁረጡ፤ የወደቀውን ለቅመው ውሃ ይቀንሱለት። ግራጫ ሻጋታ ከታየ የተያዘውን ክፍል ቆርጠው ያውጡና ፌስታሉን በየቀኑ ይግለጡ። ትንንሽ ጥቁር ዝንቦች ከድብልቁ ላይ ሲነሡ ካዩ ዕጫቸው ለጋውን ሥር ይበላል፤ ላዩ 1 ሴንቲ ሜትር እስኪደርቅ ውሃ ያቁሙና ንጹሕ ሬድ አሽ በስሱ ያልብሱት።

ማላመድና ማዛወር

ሥሩ ከ3 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ሲደርስ ፌስታሉ በአንድ ጊዜ አይነሣም። በመጀመሪያው ቀን አንድ ሰዓት፣ በሚቀጥሉት ቀናት ሁለት፣ አራት፣ ግማሽ ቀን እያሉ ከ7 እስከ 10 ቀን ያለማምዱት። ቅጠሉ ቀትር ላይ ካጎነበሰ አንድ ቀን ወደ ኋላ ይመለሱ። በዚህ ጊዜ በውሃ የሚሟሟ 20-20-20 (ናይትሮጅን፣ ፎስፈረስና ፖታሲየም እኩል ያለበት) ማዳበሪያ በሊትር ግማሽ ግራም በሳምንት አንዴ መስጠት ይቻላል፤ ኮኮፒት ራሱ ምግብ የለውም።

ሲያዛውሩ ሥሩ ላይ የተያያዘውን ድብልቅ አያራግፉ፤ ለጋ ሥር በቀላሉ ይሰበራል። ሃይላንዱን በመቀስ ሰንጥቀው ከነድብልቁ ያውጡት። አንድ ነገር ግን ይጠንቀቁ፦ ዙሪያው ያለው የጓሮ አፈር ረጥቦ ሳለ ሥሩ ያለበት ልቅ ድብልቅ ሊደርቅ ይችላል፤ ሸክላ አፈር ውሃውን ከውስጡ ይስበዋልና። ስለዚህ ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ውሃውን ከግንዱ ሥር፣ ድብልቁ ላይ ያድርጉ፣ በጣትዎም እየገቡ ይፈትሹ። ቁራጩ ድብልቁ ውስጥ በነበረው ጥልቀት ይተከል፣ ለአንድ ሳምንት ያህል ጥላ ይደረግለት። ጽጌረዳው በወሩ ወይም በሁለተኛው ወር እንቡጥ ሲያወጣ ሳያብብ ይቀንጥሱት።